ሰባት ጊዜ እምቢ ያለው ሊቀ መንበር

ይህ ታሪክ ከመነሻው እስከ መድረሻው እውነት ነው። ከፊሉን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ከፊሉን በዓይኔ አይቻለሁ፣ የቀረውን አያ ገዳሙ ራሳቸው ነግረውኛል፤ እርሳቸው ደግሞ ስለ ማሲንቆ ካልሆነ በቀር አያጋንኑም። አንዲት ነገር ጨምሬበት ከሆነ የማሲንቆዬ ጭራ ሙሽሮች ሲገቡ ይበጠስ። የሞተ ሰው በእልልታ ተመረጠ ብዬ ስናገር ብዙ ሰው «ኧረ በሕግ አምላክ!» ይለኛል። ምን ላድርግ? ሰውየው ተመርጧል፤ ቃለ ጉባኤውም አለ።

ነገሩ የተጀመረው ሉማሜ መናኸሪያ ነው። ቀኑ ኅዳር ሃያ፣ ቅዳሜ፣ ገና ከጧቱ አንድ ሰዓት ነበር። አያ ገዳሙ ማሲንቋቸውን በነጠላ ጠቅልለው ወደ ደብረ ማርቆስ በምትሄድ ሚኒባስ ገቡ። አያ ገዳሙ የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ከፊት ያለውን ተሳፋሪ ወገብ የሚወጋ።

«አያ፣ ማሲንቆውን ከኋላ ልጫንልዎ?» አለ ረዳቱ ፈንታ።

«ከኋላ? አንተን ከኋላ ልጫንህ!» አሉና አቅፈውት መስኮት ዳር ተቀመጡ።

አሁን የምነግራችሁን ማመን ያስቸግራል፤ ግን ምያለሁ። ሚኒባሷ ሁለት ወንበር ባዶ እያላት ተነሳች።

ከአያ ገዳሙ ጎን የተቀመጠችው ሂዊ የምትባል የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነበረች። የዲማ ልጅ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ተምራ እዚያው አንድ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። ጭኗ ላይ ክራር አስቀምጣለች። ከተማው ወደ ኋላ ሲቀር ዞር ብላ እጅ ነሳች።

«እንደምን አደሩ አያ ገዳሙ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ከየት አወቅሽኝ ልጄ?»

«የማኅበራችን አባል ነኝ እኮ። ሁለት ዓመቴ ነው።»

«እንዴ! እኔ አይቸሽ አላውቅማ!»

«ከኋላ ነዋ የምቀመጠው። እልል በሉ ሲባል እልል እላለሁ። ያን ጊዜ ደግሞ እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው መቁጠሪያዎን ነው የሚቆጥሩ።»

አያ ገዳሙ ሳቁ፤ ነገሩ እውነት ነበረና። ማኅበሩ «የጮቄ አምባ የባህል ሙዚቃ ማኅበር» ይባላል። ሰባት ሰው ያለበት ቦርድ አለው። የቦርድ ምርጫው ሥርዓት ደግሞ እንዲህ ነው። አንድ ዘፋኝ ይነሣና ዕጩውን ያወድሰዋል። ዕጩው ተነሥቶ «እኔ ለዚህ አልበቃም» ይላል። ሕዝቡ «ትበቃለህ!» ይለዋል። ዳግመኛ «አልችልም» ይላል። «ትችላለህ!» ይሉታል። በሦስተኛው «በፈጠራችሁ ተዉኝ» ሲል ሴቶቹ እልልታውን ይለቁታል፤ አያ ገዳሙም እልልታው እስኪቆም በመቁጠሪያቸው ፍሬ ይቆጥራሉ። ብዙ ፍሬ የወጣለት ወንበሩን ያገኛል። ይህን ሥራ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርተውታል፤ ቆጠራቸውን የተጠራጠረ ሰው የለም። በአገሩ ላይ ከዚህ የሚበልጥ ክብር ያለ አይመስላቸውም።

«እና ዛሬ ለምርጫው ነው የምትሄጂ?» አሉ።

«አዎ። ቦርድ መሆን እፈልጋለሁ።»

አያ ገዳሙ ጆሯቸውን ወደ እርሷ አዘነበሉ። «ማን ይሁን ነው ያልሽ?»

«እኔ።»

«አንች ራስሽ፣ ለራስሽ?»

«እኔ ራሴ፣ ለራሴ።»

አያ ገዳሙ ሰው ሰምቶ እንደሆነ ዞር ብለው አዩ። ሚኒባሷ ሙሉ ሰምታለች። ሾፌሩ ሳይቀር በመስታወቱ ያያል።

«ልጄ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊው። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት አይባልም። አንዲት ልጅ ደጅ ወጥታ ‹ኧረ ሽማግሌ ላኩልኝ!› ብላ ብትጮህ ምን ይባላል?»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«‹አልበቃም› በይ።»

«እበቃለሁ እኮ።»

«ብትበቂም አልበቃም በይ።»

«ሦስት ጊዜ ዋሽቸ ነው ሥራ የምጀምር?»

ፈንታ ከበሩ ላይ ሳቁን ለቀቀው። አያ ገዳሙ ገላመጡትና ድምፃቸውን እንደ መምህር አለሰለሱ። ከሕፃን ጋር የሚነታረክ ሽማግሌ መምሰል አልፈለጉም።

«ውሸት አይደለም፤ ትሕትና ነው። እኛ ይህን ሥርዓት ዝም ብለን አላመጣነውም። ወንበር የሚወድ ሰው ያስፈራል። አንድ ጊዜ ከተቀመጠ ለማስነሣት በሬ መጥመድ ያስፈልጋል። የማይፈልገውን ብታስቀምጪው ግን ምንም አይበድልሽ።»

«እውነትዎን ነው፤ አይበድልም። መቼ ይመጣና!»

«ይህ ምን ማለት ነው?»

«ልጠይቅዎ አያ። ሊቀ መንበራችን አቶ ምስጋናው የተመረጡ ለት ስንት ጊዜ እምቢ አሉ?»

የአያ ገዳሙ ፊት ፈካ። ይህን ታሪክ መናገር ይወዳሉ።

«ሰባት ጊዜ! ሦስቱ ሲበቃው ሰባት ጊዜ! በአራተኛው ሊወጣ ሲል በሩን ዘጋንበት። በአምስተኛው ‹እናቴ የአልጋ ቁራኛ ናት፣ የማስታምማት እኔ ብቻ ነኝ› አለ። ሕዝቡ ‹ለእናቱ እንዲህ የሆነ ለእኛማ ምን ሊሆን ነው!› ብሎ ጣራውን አናጋው። በሰባተኛው እንባው ወረደ። እንዲህ ያለ ትሑት ሰው ጎጃም አላበቀለም ብዬ ሠላሳ አምስት ፍሬ ቆጠርሁለት።»

«ከዚያ ወዲህ ስንት ስብሰባ መጡ?»

«ሥራ ይበዛበታል።»

«ስንት አያ?»

«ገና ነው።»

«በሁለት ዓመት ውስጥ ገና?»

አያ ገዳሙ የማሲንቋቸውን ነጠላ አስተካከሉ። ነጠላው አልተዛነፈም ነበር።

«አያ፣» አለች ሂዊ ቀስ ብላ፣ «ሰውየው እውነታቸውን ቢሆንስ?»

«የምኑን?»

«እምቢ ያሉት። የምር እምቢ ብለው ቢሆንስ?»

አያ ገዳሙ ወደ እርሷ ዞሩ። በስድሳ ስምንት ዓመት ዕድሜያቸው ይህ ሐሳብ አንድ ቀን እንኳ በአጠገባቸው አልፎ አያውቅም። እምቢ ማለት እሺ የሚባልበት ደጅ ነው ብለው ነው የኖሩት፤ ከደጁ ወዲያ ሌላ ሰው ሊኖር እንደሚችል አላሰቡም። ያን ጊዜ በሩን የዘጉት በገዛ እጃቸው ነበር፤ የምስጋናው እንባ አሁን ፊታቸው ድቅን አለ። ትዝ ሲላቸው የደስታ እንባ አይመስልም።

«ሌሎቹ የቦርዱ አባላትስ የት አሉ?» አለ ሾፌሩ።

«ሁለቱ አዲስ አበባ ገብተዋል፣ አንዱ መተከል ለእርሻ ወርዷል፤» አለች ሂዊ። «አያ ገዳሙ አሉ፤ ድረስ የሚባለው ዋሽንት ነፊም አለ። አንዱ ሞተዋል።»

«ነፍስ ይማር። ከተመረጠ በኋላ ነው?»

ሂዊ ወደ አያ ገዳሙ አየች። አያ ገዳሙ ወደ መስኮቱ አዩ። ውጭው ቢጫ ጤፍ ነበር፤ ከጤፉ ወዲያ የጮቄ ተራራ ደመናውን እንደ ፎጣ አገጩ ሥር ጠምጥሟል።

«ከመመረጡ በፊት ነው፤» አሉ በመጨረሻ።

ሚኒባሷ ፍጥነቷን ቀነሰች። ፈንታ በሩን ትቶ ወደ ውስጥ ገባ።

«የሞተ ሰው ነው የመረጣችሁ?»

«መሞቱን መች አወቅን! አበባው የሚኖረው መርጡለ ማርያም ነው። ድረስ አወደሰውና ስሙ ተጠራ፤ ዝም አለ። ደግመን ጠራነው፤ ዝም። ሦስተኛ ጠራነው፤ ዝም! ያን ጊዜ ጉባኤው ‹ለእምቢታ እንኳ ድምፁን የማያሰማ ሰው!› ብሎ እልልታውን አቀለጠው። አርባ አንድ ፍሬ! አሥራ ሁለት ዓመት ስቆጥር አርባ ያለፈ እርሱ ብቻ ነው።»

«አዳራሹ ውስጥ አለመኖሩን አላያችሁም?»

«ትሑት ሰው ከኋላ ይቀመጣል ብለን ነዋ!»

ሳቁ ጋብ እስኪል አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዱ። ከፊት የተቀመጡ አንድ መነኩሴ ሳይቀሩ ቆባቸውን ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አያ ገዳሙ ራሳቸው መጨረሻ ላይ ሳቁ፤ ሳቁ ግን ከአንገታቸው በታች አልወረደም። መማር ለሽማግሌ ከባድ የሚሆነው ትምህርቱ ከብዶ አይደለም፤ ከመማሩ በፊት የሚሳቅበት ስላለ ነው። አያ ገዳሙ ያን ቀን መሳቂያነቱን ቀድመው ከፈሉት።

«እኔም እምቢ እያልሁ ነው ረዳት የሆንሁ፤» አለ ፈንታ፣ «እልል ያለልኝ የለም እንጂ።»

ሂዊ ብቻ አልሳቀችም። «አያ፣ ሊቀ መንበሩ የማይመጡ ከሆነ ለማኅበሩ የሚላከውን ደብዳቤ ማን ነው የሚከፍተው?»

«ደብዳቤ አይጠፋብንም!» አሉ አያ ገዳሙ፤ ክብራቸውን መልሰው የሚያነሡበት ነገር አገኙ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። በፌስታሉ ውስጥ መሀረብ፣ በመሀረቡ ውስጥ ደብዳቤ። «ይኸው። የመስቀል ማግሥት የተሰጠኝ ነው። አንድ ጠብታ ውኃ አልነካውም።»

«አልተከፈተማ!»

«የሊቀ መንበር ደብዳቤ እኔ እንዴት እከፍታለሁ? ሲመጣ ልሰጠው ነው የያዝሁት። ምን እንደሆነ ግን አውቄዋለሁ፤ የከተማውን አስተዳደር ማኅተም አታይውም? በመስቀል ለተጫወትንላቸው የላኩት ምስጋና ነው። ዛሬ ከምርጫው በኋላ በጉባኤው ፊት እናስነብበዋለን።»

«አሁን ልክፈተው? እርስዎም እኮ የቦርድ አባል ነዎት።»

አያ ገዳሙ አመነቱ። እስከ አምበር ከተማ ድረስ አመነቱ። አምበር ላይ ሁለት ሰው ወርዶ ሁለት ሰው እስኪሳፈር ደብዳቤውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ፤ ከዚያ ሰጧት። ሂዊ ከፈተችው፣ ለራሷ አነበበችው፣ ቀጥሎም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችላቸው።

«‹…የአዳራሹን የአጠቃቀም ውል ለማደስ ከሰባቱ የቦርድ አባላት ቢያንስ አራቱ በአካል ቀርበው ፊርማቸውን እስከ ኅዳር ሃያ ሁለት ድረስ እንዲያኖሩ፤ ይህ ካልሆነ አዳራሹ ለሲሚንቶ መጋዘንነት የሚውል መሆኑን እናሳውቃለን።›»

«ኅዳር ሃያ ሁለት መቼ ነው?» አሉ አያ ገዳሙ። ያውቁታል።

«ከነገ ወዲያ ሰኞ።»

«ለሲሚንቶ?»

«ለሲሚንቶ።»

ያን አዳራሽ ለማግኘት ማኅበሩ አሥራ አንድ ዓመት ደጅ ጠንቷል። ከዚያ በፊት አያ ገዳሙ ማሲንቆ የሚያስተምሩት ከባሕር ዛፍ ሥር ነበር። የማሲንቆ ቆዳ እርጥበት ከነካው ይላላል፣ ድምፁም እንደ ታመመ ፍየል ይሆናል፤ ስለዚህ ክረምት ሲገባ ትምህርቱ አራት ወር ይቆማል። በአራት ወር ውስጥ ደግሞ የተማሪ ጣት የተማረውን ሁሉ ይረሳል። አሁን በየቅዳሜው ሃያ ሦስት ተማሪዎች አሏቸው። ከእነዚህ ውስጥ ስድስቱ ከእርሳቸው እንደሚበልጡ ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ ለራሳቸው ግን ሲተኙ ይነግሩታል።

«እኔ ልፈርም፣ ድረስም ይፈርም፤» አሉ በጣታቸው እየቆጠሩ። «ምስጋናው ቢመጣ ሦስት። አራተኛው…» ጣታቸው ቆመ። አራተኛው መርጡለ ማርያም ተቀብሯል።

«ዛሬ አዲስ ቦርድ ይመረጣል እኮ አያ።»

«እውነት ነው! ዛሬ ሰባት ትሑት ሰዎች መርጠን…»

«ትሑት አይደለም የሚያስፈልገን። ሰኞ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ በር ላይ ቆሞ የሚገኝ ሰው ነው።»

አያ ገዳሙ ደብዳቤውን እንደ ነበረ አጥፈው በመሀረቡ፣ መሀረቡን በፌስታሉ መለሱት።  ሁለት ወር ሙሉ የአዳራሻቸውን ሞት ደረታቸው ላይ አስቀምጠው አሙቀውታል።

«እሺ ልጄ፣» አሉ፤ «አንች ብትሆኚ እንዴት ታደርጊው ነበር?»

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። ከሉማሜ አምበር ያለው መንገድ የሂዊ ጥያቄ ነበር፤ ከአምበር ደብረ ማርቆስ ያለው የአያ ገዳሙ ጥያቄ ሆነ።

«መጀመሪያ ሰውየውን ጠይቄ ‹ትፈልጋለህ ወይ› እለዋለሁ። አልፈልግም ካለ አምነዋለሁ። እፈልጋለሁ ካለ ‹ምን ልትሠራ?› እለዋለሁ።»

«ቢዋሽስ? ወንበሩን ፈልጎ ‹አገለግላለሁ› ቢልስ?»

«ሊዋሽ ይችላል። ስለዚህ ለሁለት ዓመት ብቻ ነው የምናስቀምጠው። ሦስት ስብሰባ ያለ ምክንያት ከቀረም ወንበሩን ለተከታዩ እንሰጣለን። የማይፈልገውን ሰው ግን በምን እንቆጣጠረዋለን? ቅር ብንለው ደስታው ነው።»

«እልልታውስ? እልልታ ይዋሻል?»

«አይዋሽም። ግን ስምንት እህት ያለው ሰውና እህት የሌለው ሰው እኩል እልልታ አያገኙም። ጎረቤቱ አጠገብ ቆሞ የሚያይ ሰውም እልል ሳይል አይቀርም፤ ነገ ፊቱን ያየዋላ። በባቄላ ይሁን። ማንበብ የማይችልም ባቄላ መጣል ይችላል። ለየዕጩው አንድ መሶብ፣ ለየአባሉ ሰባት ባቄላ፤ ሁሉም ጋቢ በተጋረደበት ገብቶ ለሚወዳቸው አንድ አንድ ይጥላል።»

አያ ገዳሙ አሰቡበት። «ማን ማንን ትያለሽ?» አሉ፤ አሁን ድምፃቸው የምክክር ነበር።

«እመት ካሰችን።»

«ካሰች? ሴት እኮ ናት!»

«አይቻለሁ።»

ፈንታ ተንፈቀፈቀ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ልብሱን፣ ከበሮውን፣ ማሲንቆውን የያዘችው ማን ናት? የአዳራሹ ቁልፍ ያለው ከማን ዘንድ ነው አያ?»

«ከእርሷ።»

«ቁልፉን አምነናት ወንበሩን ለምን እንነፍጋታለን?»

«ጠይቃን አታውቅማ!»

«ብትጠይቅ ኖሮ ምን ይሏት ነበር?»

አያ ገዳሙ መልሱን ያውቁታል፤ አልወደዱትም። ቀጥሎ የልባቸው ወጣ። «እኔስ? አሥራ ሁለት ዓመት የቆጠርሁበት መቁጠሪያዬስ?»

«መቁጠሪያው ለጸሎት ነው አያ፤» አለች ሂዊ። ተናግራው ፈራች፤ ግን ነገሩ ወጥቷል። «ባቄላውን ማን ይቁጠረው? ሁሉም የሚያምነው እርስዎን ነው። ቆጣሪ የሆነ ሰው ግን አይወዳደርም። ከሁለት አንዱን መተው ነው።»

አያ ገዳሙ ደብረ ማርቆስ እስኪገቡ መቁጠሪያቸውን በጣታቸው ያሽከረክሩ ነበር።

አራት ሰዓት ሲሆን አዳራሹ ሞልቷል፤ ሰማንያ ያህል ሰው ነበር። አቶ ምስጋናው ራሱ መጥቶ በሩ ሥር ቆሟል። ለሥራ እንዳልመጣ ፊቱ ይናገራል፤ የመጣው ልቀቁኝ ለማለት ነው። እመት ካሰች ቁልፏን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከበሮውን ትወለውላለች። ማንም ሳይጠይቅ፣ ማንም ሳያዝ፣ ድረስ ዋሽንቱን አስቀምጦ ማሲንቆ አንሥቶ እንደ ልማዱ ጀመረ፤ የመጀመሪያውን ውዳሴም ወደ አያ ገዳሙ ወረወረው።

«የጮቄ ንፋስ ነው የአያ ገዳሙ ጣት፣
ቢነካው ይዘፍናል የደረቀ እንጨት!»

አያ ገዳሙ ተነሡ። «አልወዳደርም፤» አሉ።

«ትወዳደራለህ!» አለ ጉባኤው በደስታ።

«ኧረ አልፈልግም!»

«ትፈልጋለህ!»

«እውነቴን ነው የምላችሁ!»

«አቤት ትሕትና!» አለ አንዱ። «ከምስጋናው ሊበልጥ ነው!» አለ ሌላው፤ እልልታውም ተለቀቀ። አያ ገዳሙ እጃቸውን ዘረጉ፤ እጅ መንሣት መሰለ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እፍረት መሰለ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ስሙኝ እንጂ!» አሉ፤ እልልታው ዋጠው።  ያን ጊዜ ዓይናቸው በሩ ሥር ከቆመው ከምስጋናው ዓይን ጋር ገጠመ። ምስጋናው ራሱን ከፍ ዝቅ አደረገ። አሁን ገባህ? የሚል ይመስል ነበር።

አያ ገዳሙ መቁጠሪያቸውን ከእጃቸው አወለቁ። ሁሉም እያያቸው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

እልልታው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ቆመ። የሚቆጥረው ከሌለ ማን ለምን እልል ይላል? 

«እኔ ትሑት አይደለሁም፤» አሉ አያ ገዳሙ። «ትሑት ብሆን ኖሮ ሰው ሲናገር እሰማ ነበር። ምስጋናው፣ ወንድሜ፣ ሰባት ጊዜ ነገርኸኝ፤ እኔ ግን በር ዘጋሁብህ፣ ፍሬ ቆጠርሁብህ። ይቅር በለኝ።»

ምስጋናው ጉሮሮውን ጠረገ። «ስምንተኛ ልበል?»

«ሰባቱ ይበቃል። ተለቀሃል።»

ሰው ሳቀ፤ ምስጋናው ግን በክንዱ ዓይኑን ጠረገ፤ የዚያን ቀኑ እንባ የምር የደስታ ነበር።

አያ ገዳሙ ደብዳቤውን ለሂዊ ሰጥተው በጉባኤው ፊት አስነበቡት። ሁለት ወር ኪሳቸው ውስጥ እንደ ነበረም ራሳቸው ተናገሩ፤ ያን ሲናገሩ ግንባራቸው እንደ ማሲንቋቸው ቆዳ ተወጥሮ ነበር። «ከነገ ወዲያ እዚህ ሲሚንቶ ይገባል። እኔ የምፈልገውን ልንገራችሁ፤ በዕድሜዬ ተናግሬው አላውቅም። እጄ እስኪዝል ድረስ በየቅዳሜው እዚህ ማስተማር እፈልጋለሁ። ዛሬ ደግሞ ባቄላ መቁጠር እፈልጋለሁ። ወንበር አልፈልግም። አሁን የምትፈልጉ ተነሡ፤ ምን እንደምትሠሩም ንገሩን።»

ማንም አልተነሣም። ሰማንያ ሰው ጫማውን ያያል። ከኋላ ረድፍ ሂዊ ብድግ አለች።

«እኔ እፈልጋለሁ፤» አለች። «ደብዳቤ እከፍታለሁ፣ በጊዜው እመልሳለሁ።»

ጉርምርምታ ተነሣ። «ምን ያለች ናት!» የሚል ድምፅ ከመሀል መጣ። ጉርምርምታው ሳይበርድ ከፊት የቁልፍ ድምፅ ተሰማ፤ እመት ካሰች ከበሮውን ወደ ጎን አድርጋ ተነሥታለች።

«ይህችን ልጅ አትሳቁባት፤» አለች። «እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እስኪጠይቀኝ ስጠብቅ ነበር። ዛሬ ተጠየቅሁ። እፈልጋለሁ። ምን እንደምሠራማ ታውቃላችሁ፤ እየሠራሁት አይደል?»

ከዚያ በኋላ ድረስ ተነሣ፤ አንድ ማሲንቆ ሠሪ ተነሣ፤ አንዱ ሌላውን እያየ ዘጠኝ ሰው ተነሣ። ለሰባት ወንበር ዘጠኝ ፈላጊ! አያ ገዳሙ ይህን ያህል ፈላጊ በአንድ ጣራ ሥር አይተው አያውቁም፤ ጣራው ግን አልተደረመሰም።

ዘጠኝ መሶብ ተደረደረ። ማንበብ የማይችለው እንዳይሳሳት በየመሶቡ ላይ የዕጩው ምልክት ተቀመጠ፤ የካሰች ቁልፍ፣ የድረስ ዋሽንት፣ የሂዊ የክራር ጅማት። ምስጋናው የራሱን ጋቢ አውልቆ መጋረጃ አደረገው። ሁሉም ተራ በተራ ገባ። አያ ገዳሙ ባቄላውን አንድ በአንድ እያነሡ ጮክ ብለው ቆጠሩ፤ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ። ካሰች ሰባ ሁለት አገኘች። ሂዊ ሰባተኛ ወጣች፤ ከስምንተኛው በሁለት ባቄላ በልጣ። ከመሀል «ምን ያለች ናት» ያለው ሰው አንዷን ባቄላ የጣልሁ እኔ ነኝ ብሎ በኋላ ፎክሯል፤ ማረጋገጫ ግን የለም፤ ጋቢው ወፍራም ነበር። መጨረሻ ላይ ሴቶቹ እልል አሉ። ያን እልልታ ማንም አልቆጠረውም፤ እስከ ዛሬ ከሰማሁት ሁሉ ረጅሙ እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ሰኞ ጧት ዘበኛው የአስተዳደሩን በር ሳይከፍት ሰባቱም ቆመው ነበር። ፈረሙ። ሲሚንቶው ሌላ ቤት ፈለገ።

ዛሬ ያ ማኅበር በየወሩ ይሰበሰባል። ደብዳቤ በመጣ ዕለት ይከፈታል። ሊቀ መንበሯ ካሰች የመሣሪያውን ቤት እንደ ድሮው ስትይዝ የማንን ቆዳ ማደስ፣ ለማን ጭራ መቀየር እንደሚያስፈልግ አስቀድማ ስለምታውቅ ስብሰባው አይረዝምም። ክረምት ላይ ትምህርቱ አልቆመም፤ የአያ ገዳሙ ተማሪዎች ሠላሳ አንድ ደርሰዋል። «አልችልም» ያለ ሰው ሳይፈራ ይመጣል፤ ማንም በር አይዘጋበትምና። ምስጋናው ራሱ እናቱን ጎረቤት አስጠብቆ በየአሥራ አምስት ቀኑ እየመጣ ከኋላ ተቀምጦ ይሰማል። ሰው የምንመርጠው እንዲያገለግለን ሳይሆን እንድናከብረው ብቻ ከሆነ ሁለታችንም እንጎዳለን፤ እርሱ በማይፈልገው ወንበር፣ እኛ በማይከፈት ደብዳቤ። እፈልጋለሁ ማለት ነውር የሚሆነው የሚሠራው ሳይታወቅ ሲቀር ነው። አልፈልግም ያለውን ማመን ደግሞ ለሰው ከምንሰጠው ክብር ሁሉ ቀላሉ ነው፤ እልልታ እንኳ አያስፈልገው።

ታሪኩ ይኸው ነው። የሞተው ሰው እውነት ነው፣ አርባ አንዱ ፍሬ እውነት ነው፣ ሰባቱ እምቢታም እውነት ነው። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬአለሁ። ሚኒባሷ ሁለት ወንበር ባዶ ይዛ ተነሳች ያልሁት ውሸት ነው። እስክትሞላ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቀናል፤ በአንድ ወንበር ሦስት ሰው ሆነን ነው የሄድነው፤ የአያ ገዳሙ ጉልበት የወጋውም የእኔን ወገብ ነው። ያለፈው እሑድ አምበር ላይ ሠርግ ተጠርቼ ነበር፤ ሙሽሮቹ ሲገቡ የማሲንቆዬ ጭራ ተበጠሰ።